ካዝናው ከጠመንጃው ይቀድማል

«ጠመንጃ ልገዛ ነው» ስላት እናቴ ስልኩ ላይ ዝም አለች። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ?» አልኳት።

«እሰማሃለሁ» አለች። «ማን ነካህ?»

ማንም አልነካኝም። እኔ የፈለግሁት ወረቀት ላይ የታተመች ትንሽ ክብ መምታት ብቻ ነበር። ይሄን ለእናቴ ማስረዳት ግን ቀላል አይደለም። በእኛ ቤት ጠመንጃ ማለት የአያቴ ምንሽር ነው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል፤ ለሠርግና ለለቅሶ ይወርዳል፤ ከዚያ ውጭ ከወረደ መጥፎ ነገር መጥቷል ማለት ነው። የቅርቡን ጊዜ ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ። የሀገሬ እናት ጠመንጃና መዝናኛን አንድ ላይ ስትሰማ ብትደነግጥ አይፈረድባትም።

የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። እዚህ ዒላማ ተኩስ የቅዳሜ ጨዋታ ነው። ጡረተኛው፣ ነርሷ፣ የኮሌጅ ተማሪው ጎን ለጎን በደረታቸው ተኝተው ወረቀት ሲበሱ ይውላሉ። እኔም ገባሁበት። ስገባ ያልጠየቅሁት ሰው፣ ያላየሁት ቪዲዮ አልነበረም። ያም ሆኖ ተሳሳትኩ፤ ገንዘብም አቃጠልኩ። ውጭ ሀገር ያላችሁና ለመጀመር የምታስቡ ልጆች የእኔን ስህተት እንዳትደግሙት፣ ሀገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ነገሩ ምን እንደሆነ እንድታውቁት ብዬ ነው የምጽፈው።

ካር98ን የምታውቁ

ፐብጂ የምትጫወቱ «ካር98»ን ታውቋታላችሁ። አንዴ ትተኩሳለች፣ ከዚያ ገጸ ባሕሪው እጀታዋን ወደ ላይ አንስቶ፣ ወደ ኋላ ስቦ፣ መልሶ ይገፋታል። «ቦልት አክሽን» የሚባለው ይሄ ነው። እጀታው ሲሳብ ባዶው ቀለህ ይወጣል፤ ሲገፋ አዲስ ጥይት ይገባል፤ ወደ ታች ሲታጠፍ ይቆለፋል። ለእያንዳንዷ ጥይት አንድ ጊዜ ማቀባበል ግድ ነው። አያቶቻችን ውጅግራ የሚሉት መሣሪያም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ስሙ «ፉዚል ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም የመጣ ሲሆን፣ በ1874 የወጣ፣ አንድ አንድ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር።

በጨዋታው ዓለም ይሄ ዝግታ ድክመት ነው። በዒላማ ተኩስ ግን ጥቅሙ እሱ ነው። አንደኛ፣ ተኩሱ በሚከናወንበት ቅጽበት የሚንቀሳቀስ የብረት ክፍል ጥቂት ስለሆነ ጠመንጃው አይረበሽም። ሁለተኛ፣ እናንተን ያረጋጋችኋል። እያንዳንዷ ጥይት የራሷ ሥራ ትሆናለች፤ አንድ ትተኩሳለህ፣ ትተነፍሳለህ፣ ታስባለህ፣ ከዚያ ሌላዋን ታቀባብላለህ።

ጥይቱም ትንሽ ነው። «ነጥብ ሃያ ሁለት ሎንግ ራይፍል» ይባላል፤ ስፋቱ 5.6 ሚሊ ሜትር ነው። ከ1887 ጀምሮ ያለ ጥይት ሲሆን፣ እርሳሱ 2.6 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል። ትከሻ ላይ የሚመታው ኃይል ከምንም አይቆጠርም፤ ድምፁም ከትልልቆቹ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ርካሽ ስለሆነም አንድ ቅዳሜ መቶ ጥይት ተኩሶ ኪስን ሳይጎዱ መመለስ ይቻላል። ኦሊምፒክ ላይ በ50 ሜትር የሚካሄደው የጠመንጃ ውድድር በዚሁ ጥይት ነው፤ ተወዳዳሪዎቹ ተንበርክከው፣ ተኝተውና ቆመው ይተኩሳሉ። መሐል ላይ ያለችው የአስር ነጥብ ክብ 10.4 ሚሊ ሜትር ናት። የኳስ ሜዳ ግማሽ ያህል ርቆ የተቀመጠ የትንሽ ጣት ጥፍር አስቡት፤ እሱን ነው የሚመቱት።

ትንሽ ናት ብሎ መናቅ ግን ሞኝነት ነው። ይቺ ጥይት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች፤ ትገድላለችም። መጫወቻ አይደለችም።

«ግዛ» ያላለኝ ሰው

የተኩስ ሜዳው ላይ አንድ ሸምገል ያሉ ኢትዮጵያዊ አገኘሁ። በወጣትነታቸው ወታደር ነበሩ፤ እዚህ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነድተው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ጋሼ እላቸዋለሁ። የመጀመሪያ ቀን ከስልኬ ላይ የመረጥኳቸውን አምስት ጠመንጃዎች ፎቶ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ።

«አንተ ልጅ፣ ተኩሰህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«እና በምን አውቀህ ነው የምትመርጠው?»

ልክ ነበሩ። የራሳቸውን አሮጌ ሲዜድ 452 ሰጡኝና አጠገቤ ተኙ። የመጀመሪያዎቹን አስር ጥይቶች የት እንደበተንኳቸው አልነግራችሁም። «ቃታውን አትሳበው፤ ጭመቀው» አሉኝ። «መቼ እንደሚተኩስ ራስህም ማወቅ የለብህም። ካወቅህ ቀድመህ ትደነግጣለህ።»

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ነው፦ ከመግዛታችሁ በፊት ቢያንስ ሦስትና አራት ቅዳሜ በሰው ጠመንጃ ተኩሱ። ብዙ የተኩስ ሜዳዎች ያከራያሉ፤ ክለቦች ለጀማሪ የሚያውሱት አላቸው፤ አጠገባችሁ የተኛው ሰውም ብዙ ጊዜ «እስቲ ሞክረው» ይላችኋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ስትሞክሩ ነው ሰደፉ ለትከሻችሁ እንደረዘመ፣ ስኮፑ ለዓይናችሁ እንደራቀ፣ ጨዋታው ራሱ ይስማማችሁ እንደሆነም የምታውቁት።

በዚያው ቀን ደንቦቹን አስተማሩኝ። ማንኛውም ጠመንጃ እንደጎረሰ ይቆጠራል፤ «ባዶ ነው» የሚባል ነገር የለም። አፈሙዙ ልታጠፋው ወደማትፈልገው ነገር አይዞርም። ዒላማህ ላይ እስክታነጣጥር ጣትህ ቃታ ውስጥ አይገባም። ከዒላማህ ጀርባ ያለውን እወቅ። «ተኩስ አቁም» ሲባል ማቀባበያው ይከፈታል፣ ጥይት ማደሪያው ውስጥ ደማቅ ፕላስቲክ ምልክት ይገባል፣ ሰው ሁሉ ከመሣሪያው ይርቃል። የጆሮና የዓይን መከላከያ ደግሞ የክርክር ጉዳይ አይደለም፤ ጥይቷ ትንሽ ብትሆንም ጆሮ አንዴ ከተጎዳ አይመለስም። እጃችሁን ሳትታጠቡ እንዳትበሉ፤ እርሳስ ነው የምትነካኩት፤ ቤታችሁ ሕፃን ካለ በተለይ።

ሕጉ በአጭሩ

አሜሪካ ውስጥ «ጠመንጃ እንደ ዳቦ ነው የሚሸጠው» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እንደዚያ አይደለም። በፌዴራል ሕግ ከፈቃድ ካለው ሻጭ ጠመንጃ ለመግዛት 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ደግሞ ከ2022 ወዲህ ምርመራው ጠበቅ ብሏል። ቅጽ 4473 የሚባል ወረቀት ትሞላላችሁ፤ ያለፈ ታሪካችሁም ይጣራል። ወረቀቱ ላይ መዋሸት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

ለእኛ ሰው ሁለት ነገር ልብ በሉ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል፤ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር መግዛትም መያዝም አይፈቀድለትም። ሁለተኛው «ወረቀቴ ስላላለቀ በአንተ ስም ግዛልኝ፣ ገንዘቡን እኔ እሰጥሃለሁ» የሚል ጓደኛ ነገር ነው። እሺ ካላችሁት ሁለታችሁም ወንጀል ውስጥ ገባችሁ። ይሉኝታ እስር ቤት ያስገባል። ከዚህ በላይ እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ሕግ አለውና ያላችሁበትን አንብቡ።

አጎቴም ከገጠር ደውሎ «አንድ ለእኔም ላክልኝ እንጂ» ብሎኛል። እየሳቀ ነው፤ ግን ግማሹ ቀልድ አልነበረም። ሀገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አላት፤ ያለ ፈቃድ ማስገባትም መያዝም ክልክል ነው። «ጋሼ፣ ጫማ እልክልሃለሁ» አልኩትና ተሳስቀን ዘጋን።

ስምንት ወር የቆየሁበት ምክንያት

ገንዘቡን አጠራቅሜ፣ ሕጉን አውቄ፣ የምፈልገውን ለይቼ ልገዛ ስል ባለቤቴ አንድ ነገር አለችኝ።

«ወንድምህ እዚህ ቤት ውስጥ መሆኑን ረስተኸዋል?»

ታናሽ ወንድሜ ያን ጊዜ ከእኛ ጋር ነበር የሚኖረው። ከሀገር ቤት ከመጣ ዓመት አልሞላውም። የሌሊት ፈረቃ ይሠራል፤ ቀን መጋረጃውን ዘግቶ ይውላል። ምግብ ቀንሷል፤ ስልክ አያነሳም፤ ድሮ ቤቱን በሳቅ የሚሞላው ልጅ ለሰላምታ እንኳ ቃል ያጠረው ሆኗል። እኛ «ሀገሩን እስኪለምድ ነው» እያልን ነበር።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ በጠመንጃና በሽጉጥ ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላዩ የሚሞተው በሌላ ሰው እጅ አይደለም፤ በራሱ እጅ ነው። ይሄን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። እኔም ባለቤቴ እስክትናገር ድረስ ስለ ሌባ፣ ስለ ሕፃናት፣ ስለ ፖሊስ አስቤ ነበር እንጂ ስለ ወንድሜ አላሰብኩም። ሰው ክፉ ሐሳብ ሲመጣበት ሐሳቡ ብዙ ጊዜ እንደ ማዕበል ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። በዚያች ሰዓት አጠገቡ ምን አለ የሚለው ነው ልዩነቱ።

በእኛ ባህል እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠየቅም። እኔ ግን ጠየቅሁት። እሑድ ጠዋት ቡና ላይ፣ ሰው ሳይኖር፣ «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» አልኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። ስኒውን አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ወለሉን አየ።

«ወንድምዬ» አለኝ፣ «አሁን አታምጣው።»

በቃ። አላመጣሁትም። ስምንት ወር በሙሉ በክለቡ ጠመንጃ ተኮስኩ። ወንድሜም ሐኪም አገኘ፤ ፈረቃውን ቀየረ፤ ጊዜ ወሰደ። ይሄን እንድጽፈው የፈቀደልኝ ራሱ ነው፤ እንዲያውም «ስሜን ብቻ አትጥራ፣ ሌላውን ጻፈው፤ እንደኔ ያለ ብዙ ነው» አለኝ። ይሄን የምታነቡ አሜሪካ ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ ሐሳብ ካስጨነቃችሁ 988 ላይ መደወል ትችላላችሁ። ቤታችሁ መሣሪያ ካለና የምትወዱት ሰው ጨለማ ውስጥ ከሆነ ደግሞ መሣሪያውን ለጊዜው ከቤት አውጡት። ወንድማችሁን የምትመርጡበት ቀን እንጂ የምትከራከሩበት ቀን አይደለም።

በመጨረሻ ስመርጥ

ወንድሜ ደህና ሆኖ የራሱን ቤት ከተከራየ በኋላ ነው የገዛሁት። በዚያ ጊዜ የማውቀው መጀመሪያ ከማውቀው ፈጽሞ ሌላ ነበር።

ስልክ ስንገዛ «ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ብለን እንጀምራለን፤ ባትሪው ግን ከሰዓት በኋላ ይሞትብናል። ጠመንጃም እንደዚያው ነው። ጀማሪ መልኩንና ስሙን ያያል። መታየት ያለበት ቅደም ተከተል ግን እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ልክህ ነው ወይ? ሰደፉን ትከሻህ ላይ አድርገህ ዓይንህን ጨፍን፤ ጉንጭህን እንደሚመችህ አሳርፍ፤ ከዚያ ዓይንህን ክፈት። በስኮፑ መሐል ለመሐል ካየህ ልክህ ነው። አንገትህን ማስገግ ወይም ጉንጭህን ማንሳት ካስፈለገህ ሰደፉ ወይ ረዝሟል ወይ ዝቅ ብሏል። ቁመታችሁ አጠር ያለ፣ በተለይ ሴቶች፣ የሰደፉ ርዝመት የሚስተካከል መሆኑን ጠይቁ። ግራኝ የሆናችሁ ደግሞ እጀታው በግራ በኩል የሆነ ይሠራላችኋል፤ በቀኝ ሰው ጠመንጃ አትሰቃዩ።

ሁለተኛ፣ ቃታው። ቃታ ከብዶ የሚንቀራፈፍ ከሆነ እሱን ስትታገል ዒላማህ ይሸሻል። ጥሩ ቃታ እንደ ቀጭን ብርጭቆ ነው፤ ምንም ሳይላወስ ድንገት ይሰበራል። የሚስተካከል ቃታ ያለው መምረጥ ይሻላል፤ ግን ማስተካከሉን ለጠመንጃ ሠሪ ተዉለት። ከመጠን በላይ የቀለለ ቃታ አደጋ ነው።

ሦስተኛ፣ በርሜሉ። ወፍራም በርሜል ይከብዳል፤ ተኝቶ ወይም ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ለሚተኩስ ግን ክብደቱ ጠመንጃውን ያረጋጋዋል። ቆማችሁ የምትተኩሱ ወይም ተሸክማችሁ ብዙ የምትሄዱ ከሆነ ቀጠን ያለው ይሻላል። ርዝመት ትክክለኛነትን አይጨምርም፤ ይቺ ጥይት ባሩዷ ትንሽ ስለሆነ በአጭር በርሜልም ሥራዋን ትጨርሳለች።

አራተኛ፣ ነገ የሚያድግ ነው ወይ? የጥይት ካዝናው፣ ሰደፉ፣ ስኮፕ ማሰሪያው በየሱቁ የሚገኝ ከሆነ ቀስ በቀስ ታሻሽሉታላችሁ።

ወደ ስሞቹ ልምጣ። ከ300 እስከ 500 ዶላር ባለው ሠፈር የአሜሪካኑ ሩገር አሜሪካን ሪምፋየር እና ሳቬጅ ማርክ ቱ አሉ። ሩገሩ በየትም ቦታ ከሚገኘው የራሱ ኩባንያ 10/22 ጠመንጃ ጋር የጥይት ካዝና ይጋራል፤ ሳቬጁ በሚስተካከል ቃታው ይታወቃል፣ ወፍራም በርሜል ያለውም ዓይነት አለው። ሁለቱም ሲነኩ ቅንጡ አይደሉም፤ ወረቀት ላይ ግን አያሳፍሩም። ትንሽ ከፍ ስትሉ የቼክ ሪፐብሊኩን ሲዜድ 457 እና የፊንላንዱን ቲካ ቲ1ኤክስ ታገኛላችሁ። አብዛኛው የሜዳችን ሰው በእነዚህ በሁለቱ ነው የሚከራከረው፤ እንደ ጊዮርጊስና ቡና ደጋፊ። ሲዜዱ ብዙ ዓይነት ሰደፍ አለው፣ በርሜሉንም በቀላሉ መቀየር ይቻላል። ቲካው ማቀባበያው ቅቤ ነው፤ ለትልቁ ወንድሙ ለቲ3ኤክስ የተሠራ ሰደፍም ይገጥመዋል። ከዚያ በላይ የስፔኑ ቤርጋራ ቢ14አር አለ። የኦሊምፒክ ሰዎች የሚይዟቸው እነ አንሹትዝ ግን ብዙ ሺህ ዶላር ናቸው፤ ለጀማሪ አያስፈልጉም። ዋጋው እንደ ጊዜውና እንደ ሱቁ ስለሚለያይ አወዳድሩ።

እኔ ሲዜድ 457 ወሰድኩ፤ ወፍራም በርሜል ያለውን። ምክንያቴ ጥልቅ አይደለም፤ በጋሼ ሲዜድ ስለተማርኩ ጉንጬ ቦታውን ያውቀዋል።

ያቃጠልኩት ገንዘብ

ስህተቴ ስኮፑ ላይ ነበር። «ትልቅ ያጎላል» ብዬ በቅናሽ የተገኘ ለትልቅ ጠመንጃ የተሠራ ስኮፕ ገዛሁ። እንዲህ ያሉት ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ትኩረታቸው የሚስተካከለው ለ100 ያርድ ነው፤ 91 ሜትር ገደማ ማለት ነው። እኔ የምተኩሰው በ50 ሜትር ነው። ውጤቱ ምን ሆነ? ጠመንጃው ሳይንቀሳቀስ ዓይኔን ትንሽ ባዞርኩ ቁጥር መስቀሏ ዒላማው ላይ ትሄዳለች። ስልካችሁን መስኮት አጠገብ ይዛችሁ ጭንቅላታችሁን ስታዞሩ መስታወቱ ላይ ያለችው ጠብታ ከውጭው ዛፍ ላይ እንደምትንሸራተተው ማለት ነው። ሁለት ቅዳሜ ጠመንጃውን ስረግም ዋልኩ። ለዚህ ጥይት ለ50 ያርድ የተዘጋጀ፣ ወይም ርቀቱ በጎኑ የሚስተካከል ስኮፕ ነው የሚገዛው።

በዚያ ላይ ማሰሪያ ቀለበቶቹም አልገጠሙም። ሲዜዱ ላይ ያለው ማሰሪያ 11 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጠባብ ሐዲድ ነው፤ እኔ የገዛሁት ለሰፊው ዓይነት የሚሆን ነበር። ሻጩም «ሁሉ ላይ ይሠራል» ብሎኝ ነበር። ከመክፈላችሁ በፊት ሐዲዱን ለኩ።

ሦስተኛው ትምህርት ጥይት ነው። ይሄን ብዙ ሰው አያምንም፤ ሁለት ተመሳሳይ ጠመንጃዎች፣ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ አንድ ዓይነት ጥይት ላይወዱ ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ካርቶን ሙሉ አትግዙ። ከአምስት ዓይነት አንዳንድ ፓኬት ግዙ፤ ሲሲአይ ስታንዳርድ፣ ኤስኬ ስታንዳርድ ፕላስ፣ ኤሌይ፣ ላፑዋ ያገኛችሁትን። ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ ጠረጴዛ ላይ ተደግፋችሁ፣ ከእያንዳንዱ አምስት አምስት ጥይት እየለያችሁ ደጋግማችሁ ተኩሱ። የተራራቁትን ሁለት ቀዳዳዎች ከመሐል እስከ መሐል ለኩ። አንዴ የተገኘ ጥሩ ውጤት ዕድል ሊሆን ይችላል፤ አራቴ አምስቴ ከተደገመ ግን እውነት ነው። የእኔው የወደደው በጣም ውዱን ሳይሆን መካከለኛውን ነው። ኪሴም አመሰገነ።

«ፈጣን» የሚል የተጻፈበትን ጥይት ለዒላማ አትመኙት። የዒላማ ጥይት በሰከንድ 325 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፤ ሆን ተብሎ ከድምፅ ፍጥነት በታች። ከድምፅ በላይ ፈጥኖ የወጣ ጥይት መንገድ ላይ ሲቀዘቅዝ ያንን ድንበር ሲያልፍ ይናወጣል። ቀርፋፋ በመሆኑ ግን ነፋስ ይጫወትበታል፤ መጠነኛ የጎን ነፋስ በ50 ሜትር ከአስሯ ክብ አውጥቶ ሊጥለው ይበቃል። ለ50 ሜትር ያስተካከላችሁት ጠመንጃ በ100 ሜትር አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። ነፋስ ማንበብ የምትማሩት በዚህ ነው፤ ጨዋታው የሚጣፍጠውም እዚህ ጋ ነው።

ሁለቱ ካዝናዎች

በአማርኛ «ካዝና» የምንለው ሁለት ነገር ነው፤ ጥይት የሚሞላበትም፣ ንብረት የሚቆለፍበትም። ባለቤቴ የሰጠችኝ ሁኔታ አንድ ነበር፦ ሁለተኛው ካዝና ቤት ሳይገባ ጠመንጃው ደጃፉን አይረግጥም። ስለዚህ በጀታችሁን ስትሠሩ ከዚህ ጀምሩ። መጀመሪያ የብረት ካዝና፣ ግድግዳ ላይ በብሎን የተመታ። ጥይቱ ለብቻው፣ በሌላ ቁልፍ። ቁልፉ ወይም ኮዱ አንድ ሰው ጋ ብቻ። «የልጄ ልደት ነው ኮዱ» የሚል ካለ ልጁ ያውቀዋል። መኪና ውስጥ ጠመንጃ ትቶ ምሳ መብላትም የለም።

ከካዝናው ቀጥሎ የጆሮና የዓይን መከላከያ፣ ከዚያ ጠመንጃው፣ ከዚያ ስኮፑ፣ የተረፈው ሁሉ ደግሞ ለጥይት። ብዙ ሰው ገንዘቡን ጠመንጃው ላይ ጨርሶ ለመለማመጃ ያጣል። በ400 ዶላር ጠመንጃ አምስት ሺህ ጥይት የተኮሰ ሰው፣ በ2,000 ዶላር ጠመንጃ መቶ የተኮሰውን ይበልጠዋል። ይሄን ሜዳው ላይ በየሳምንቱ አየዋለሁ፤ ጋሼ በዚያ አሮጌ 452 ስንቱን ባለ ውድ ዕቃ ወጣት አንገቱን ያስደፋሉ።

እናቴ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተዋጠላትም። ባለፈው አንድ የተበሳ ወረቀት ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁላት። ደወለች።

«ይሄ ነው እንዴ?» አለች። «ወረቀት?»

«ይሄው ነው እማዬ።»

«ወንድምህስ አብሮህ ይሄዳል?»

«አንዳንዴ። ቡና ይዞልን ይመጣል። እሱ አይተኩስም፣ አልፈለገም።»

«ጎበዝ» አለች፤ ማንኛችንን እንደሆነ አልነገረችኝም።

ቅዳሜ ማታ ስመለስ ባለቤቴ ስንት እንዳስቆጠርኩ አትጠይቀኝም። ጫማዬን በር ላይ አወልቃለሁ፤ እጄን እታጠባለሁ፤ ወደ ጓዳ እገባለሁ፤ የብረቱ በር ሲዘጋ ድምፁ ይሰማል። ያኔ ከኩሽና ሆና አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቀኛለች።

«ቆለፍከው?»

«ቆልፌዋለሁ።»

ከዚያ እራት እንበላለን።